በረንዳዋ ላይ የተቀመጠችው ሴት

በኅዳር መጨረሻ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የነበረው ግቢያችን ፈረሰ። የተጎዳ ሰው የለም።

ግቢው የእትዬ ነበር። እትዬ በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ይነግድ ለነበረ ሰው የተዳሩ፣ ባላቸው ካረፈ ወዲህ ሁለት ክፍል አከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንዱን ክፍል እኔ ይዤው ነበር። ሌላውን የያዘው ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ የሚሠራ ሰው ነው።

ከጋዜጠኝነት ሥራዬ ጎን ለጎን ለአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የአሜሪካን ታሪክ የሚተርኩ ዶክመንተሪዎችን ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬን ደጃፌ ላይ አወጣና አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቼ አቆማለሁ፤ ጮክ ብዬ በአማርኛ እሞክረዋለሁ፤ ጆሮዬ ካልተቀበለው እደግመዋለሁ። ይህን የሰሙ እትዬ አንድ እሑድ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። ምድጃ ሠሪውም ተከተለ።

ስለ ጨረቃ ጉዞ በሚተርከው ክፍል ጠፈርተኞቹ መኪናቸውን ጨረቃ ላይ ትተው እንደተመለሱ ስተረጉም ምድጃ ሠሪው አስቆመኝ።

«ሙሉ መኪና ጥለው መጡ?»

«ጥለው መጡ።»

«ከነጎማው?»

«ከነጎማው።»

«ምን አለሽ ተራ ቢያቆሙት እኮ ሳይመሽ ተፈታትቶ ምድጃ ይሆን ነበር።»

«አንተ ጨረቃዋንም ፈታትተህ ትሸጣታለህ» አሉት እትዬ። «አሁን ዝም በልና ይተርጉምልን።»

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ በሮች ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። ቦታው ሊለማ እንደሆነ፣ ለባለቤቶቹ ምትክ ቤት እንደሚሰጥና የማን ቤት የት እንደሚሆን በዕጣ እንደሚለይ በስብሰባ ተነገረን። እትዬ ቤት አልተከለከሉም፤ ይህን ራሳቸውም ይናገሩ ነበር። ያስጨነቃቸው እድሩ ነው። ልጅ የላቸውም። ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሲሞቱም ከፍኖ የሚቀብራቸው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት የሰፈሩ እድር ነው። ዕጣ ደግሞ ሰው ይበትናል።

«አንድ ላይ ያድርጉን እንጂ የትም ቢሉኝ እሄዳለሁ» አሉኝ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ጠይቅልኝ።»

ክፍለ ከተማው ደጋግሜ ሄጄ ጠየቅኩ። ያነጋገረኝ ኃላፊ ትሑት ሰው ነበር። ጥያቄው ከሌሎች ሰፈሮችም እንደመጣ፣ ነገሩም እየተጠና እንደሆነ ነገረኝ። ያለውን እንዳለ ጻፍኩ፤ ዜናው ወጣ። የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ቀጥሎ የደረሰኝ ክፍል አሜሪካኖች አገራቸውን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጎዳና ስላገናኙበት ዘመን ነበር። መንገዱ ከተማ ውስጥ ሲገባ የጥቁሮችና የድሆች ሰፈሮች ይፈርሳሉ። አንዲት ጠና ያለች ሴት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣለች። ተራኪው አንዳንዶቹ አንለቅም እንዳሉ ይናገራል። ከዚያ ያለቀው መንገድ ከአውሮፕላን ላይ ይታያል።

«እሷስ?» አሉ እትዬ።

«አይልም።»

«እስቲ መልሰው።»

መለስኩት። አሁንም ከሴትዮዋ ቀጥሎ የመጣው መንገዱ ነው።

«የት ወሰዷት?»

«ፊልሙ አይናገርም፣ እትዬ።»

«ስሟስ?»

«አልተጻፈም።»

እትዬ «እድር አላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ቤተ ክርስቲያን እንዳላቸው፣ ኢንሹራንስም እንዳለ ነገርኳቸው።

«ኢንሹራንስ ሬሳ ይሸከማል እንዴ?» አለ ምድጃ ሠሪው።

እትዬ አልሳቁም። «ጥፋቷ ብቻዋን መቀመጧ ነው» አሉ። «አንዲት ሴት ብቻዋን ብትቀመጥ ማን ይፈራታል?»

ፊልሙን ለሠሩት ሰዎች ጻፍኩላቸው። ምስሉ ከቆየ የዜና ክምችት የተወሰደ እንደሆነና የሴትዮዋን ማንነት እንደማያውቁ መለሱልኝ። ይህን ለእትዬ ነገርኳቸው። እንዲያም ሆኖ በየእሑዱ «ተገኘች?» ይሉኝ ነበር።

ማፍረሱ ማክሰኞ እንደሚጀመር ተነገረን። ዕጣው ገና ስላልወጣ ዕቃችንን ሰኞ አውጥተን ለጊዜው ወዳጅ ቤት አስቀመጥን። ማክሰኞ ማለዳ ስመለስ የእድሩ ድንኳን ግቢው መሃል ተተክሏል። አግዳሚዎቹ ተደርድረው አባላቱ ተቀምጠዋል። ሐሳቡ የእትዬ ነበር። ለቅሶ ቤት አይደፈርም፤ መንገድ ላይ ድንኳን ከተተከለ መኪና እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው።

የማፍረሻው ማሽን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የሥራው ኃላፊ ወጣት ነበር። ድንኳኑን ሲያይ የሥራ ቆቡን አወለቀ፤ ጎንበስ ብሎ ገባና አንዱ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እንደ ለቀስተኛ ወግ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ።

«አላህ ያጽናዎት፣ እናቴ» አላቸው እትዬን። «ማን ነው ያረፈው?»

ሁሉም ወደ እትዬ አየ። እትዬ ውሸት አይሆንላቸውም።

«እድሩ ነው» አሉ።

«እኛም እንዲሁ ነው የተነሳነው» አለ ወጣቱ። «እናቴ እስካሁን ከጎኗ ያለውን በር አንኳኩታ አታውቅም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በእኔ እጅ አይደለም።»

«በማን እጅ ነው?»



እትዬ መልስ ሳይጠብቁ በርጩማቸውን አንስተው ወጡ። ሌሎቹም ተነሱ። ወጣቱ ድንኳኑ እንዳይቀደድ ገመዱን እየፈታ አገዘን። ምድጃ ሠሪው የድንኳኑን ቋሚዎች ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ ወጣቱን «አንተ፣ በቀስታ ጠቅልለው» አለው። «ገና ብዙ የምንሞት አለን።»

ማሽኑ ሲገባ መጀመሪያ የወደቀው የእኔ ክፍል ነበር።

ዕጣው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጣ። ለእትዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። ቤቱን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ውሃና መብራት አለው። የት የት እንደደረሳቸው የእድሩን አባላት አንድ በአንድ ጠየቅኩ። እትዬ ያሉበት ሕንፃ የደረሰው ሌላ አባል የለም።