ሱሚ በሶምሶማ ስትሄድ

በሰሜን ጃፓን፣ ኦዳቴ ከተማ ውስጥ ውሻ የሚያረባ ሁሉ ቶሜን ያውቃታል። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ እንጨት መሰንጠቂያ ስትሠራ ግንድ ተንከባሎ ዳሌዋን ስለመታት ታነክሳለች።

ውሻ ማየት ያስተማሯት የባሏ አባት ናቸው። «ፊቱንማ ማንም ያያል፤ አንቺ አረጋገጡን እዪ» ይሏት ነበር። በረዶ በጣለ ቁጥር ውሻዋን ሱሚን ሜዳው ላይ ትለቅና ዱካዋን ጎንበስ ብላ ታጠናለች። የኋላ እግሯ የፊተኛው በረገጠበት እየገባ፣ ዱካው በገመድ እንደተለካ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትከሻው ወደ ኋላ ተኛ ያለ፣ ቋንጃው ያልተጣመመ ውሻ ነው እንዲህ የሚረግጥ።

ለጎረቤቷ ለጊንጂሮ ግን ሱሚ አልተዋጠችለትም። የእሱ ውሻ ግንባረ ሰፊ፣ ጸጉሩ እሳት የመሰለ ነው።

«እትዬ ቶሜ፣ ይቺን ዥጉርጉር በፍየል ፊቷ ውድድር ልታስገቢያት ነው?»

«አንተ ከፊት እያት፣ እኔ ከኋላ አያታለሁ። ማን ደህና እንዳየ ዳኛው ይነግረናል።»

በግንቦቱ የውሾች ቁመናና አረማመድ ውድድር የጊንጂሮ ውሻ ገና በጠዋቱ ከውድድሩ ወደቀ፤ ሲሮጥ ቋንጃዎቹ ወደ ውስጥ እየገቡ ይጋጫሉ። ሱሚ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ሦስት ውሾች አንዷ ሆነች። ዳኛው ትከሻዋንና ጀርባዋን ዳስሶ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ቶሜ ይዛት ስትዞር ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ውሻዎ ታነክሳለች እንዴ?»

«የማነክሰው እኔ ነኝ። እሷ እኔን እየጠበቀች ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ያሩጣት።»

ቶሜ ዙሪያዋን ቃኘች። እዚያ ሜዳ ላይ ከጊንጂሮ የተሻለ ውሻ የሚያሮጥ አልነበረም። ሄዳ ገመዱን ዘረጋችለት።

«እኔ? ስሰድባት የከረምኩት?»

«ምላስህን መቼ ጠየቅኩህ፤ እግርህን ነው።»

ጊንጂሮ ተነሣ። ሱሚ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ ቶሜን አየች፤ ከዚያ ርምጃዋን ለቀቀችው። የፊት እግሮቿ ሩቅ እየዘረጉ፣ የኋላዎቹ ከሥር እየገፉ፣ ጀርባዋ ግን ውሃ የሞላ ስኒ ቢያስቀምጡበት ጠብታ የማይፈስ ይመስል ነበር። በዙሪያው ያለው ወሬ ቀስ በቀስ ቆመ። ቶሜ ውሻዋ በሙሉ ርምጃዋ ስትሄድ በሰው ፊት ማየቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጊንጂሮ እያለከለከ ተመለሰ። «ገመድ መያዜንም ረሳሁት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሠላሳ ዓመት ውሻ ሳሮጥ እንዲህ ያለ በእጄ ገብቶ አያውቅም።»

ዳኛው አንደኛ ብሎ ሱሚን ጠራ። ቶሜ ከመንገድ ሁሉ ረጅሙን መርጣ፣ በሕዝቡ ፊት ለፊት እያነከሰች፣ ሳትቸኩል ሄዳ ሽልማቷን ተቀበለች።

ማታ ጊንጂሮ ቤት የተጠበሰ የሩዝ ድብልብል የገባበት የዶሮ ሾርባ በሉ። እሱ ሩጫውን ለሚስቱ ሦስት ጊዜ ተረከላት፤ በተረከ ቁጥር ሱሚ ትፈጥናለች። ቶሜ አላረመችውም። ሳህኗን ዘርግታ «ጨምሩልኝ» አለች።