የሰርግ ፈረስ ፍለጋ አሌክሳንድሪያ

ቅዳሜ፣ ቀን ስድስት ሰዓት። ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳነው ፈረስ ልናይ ነው። ጓደኛዬ መስፍን ልጁን ሄለንን ሊድር ነው። እሷ ደግሞ "ሊሞዚን አልፈልግም፣ የዱሮ የፈረስ ታክሲ ይምጣልኝ" አለች። መስፍን ለሰርጉ ወጪ ብሎ ቀንም ሌትም ታክሲ ይነዳል፤ ያን ዕለትም ሲነዳ አድሮ ነው መጥቶ የጫነኝ። በእጁ የያዘው የቡና ኩባያ ሕፃን ያጥባል።

ቤልትዌይ፣ ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ። ወደ ቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስንቃረብ መኪናችን ቀስ እያለች ወደ አንድ ትልቅ ትራክ ተጠጋች። ዞር ብዬ ባይ፣ ሰውዬው አንቀላፍቷል!

"መስፍን!"

መሪውን መለሰ። "ምን ያስጮህሃል? ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት።"

ነፍሴ ሜሪላንድ ቀርታ ሥጋዬ ብቻውን ቨርጂኒያ ገባ።

አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር። የጋሪው ባለቤት ረጅም ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። ጋሪው የዛሬ መቶ ዓመት የነበረው የከተማ ታክሲ አምሳያ ነው፤ ለአንድ ሰዓት መቶ ሃምሳ ዶላር። ገብተን ተቀመጥን። ጋሪው ተንቀሳቀሰ፤ ፊታችን ግን ፈረስ እንጂ ሹፌር የለም! ልጮህ ስል ጣሪያው ላይ ትንሽ መስኮት ተከፈተና "ተመቻችሁ?" የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ለካ ሽማግሌው የሚነዱት ከኋላችን፣ ከጣሪያው በላይ ተቀምጠው ኖሯል። እኔ አምላክ የጠራኝ መስሎኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለውን ኃጢአቴን ግማሹን ተናዝዤ ነበር።

አንድ ዙር ዞረን ስንወርድ መስፍን "አንዴ ይድገሙን" አላቸው። እምቢ አሉ።

"ፈረሱ አራት ሰዓት ሠርቷል፤ ይበቃዋል። ቅያሬው እየመጣ ነው።" ዱሮም አንድ ታክሲ በቀን ሁለት ፈረስ ይቀያይር ነበር አሉን። ነጂው ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያው አንዱ ነበር።

"ለምን?" አለ መስፍን።

"ፈረስ ሲሞት ሌላ መግዛት አለ። ነጂ ሲሞት ሌላው በነጻ ይመጣል።"

መስፍን ፈረሱ ሲፈታ፣ ላቡ ሲጠረግለት፣ ውሃ ሲቀርብለት ቆሞ አየ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋልኝ።

"አንተ ንዳ።"

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሥር ሰዓት። ቤት እንደገባ ከነጫማው ሶፋው ላይ ወደቀ። የታክሲ ጥሪ የሚመጣበት ቢፐሩ ሲጮህ ባትሪውን አወጣሁበት። ከዚህ መንገድ ያተረፍኩት ምክር ቢኖር፣ ሰርጉ ከእንግዳውም ከሥጋውም ይቀነስለት፤ ከአባትየው እንቅልፍ ግን አይቀነስ።

ሄለን ከክፍሏ ወጥታ አባቷን ስታይ ደርቃ ቀረች።

"ዋት ሃፕንድ? አሞታል?"

"ኧረ ተኝቶ ነው።"

"አሁን? በቀን?"

አላመነችኝም። ተንበርክካ እጇን አፍንጫው ሥር አደረገች፤ ትንፋሹ እስኪሰማት ድረስ ከዚያ አላነሳችውም።