የሮቢት ባቡር ጣቢያ ሰሜን ግድግዳ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ሦስት ነገር ይዤ ቀረብኩ፤ የአባቴን ቱንቢ፣ የአባቴን መዶሻና የአባቴን ስም። ቱንቢውና መዶሻው እስከ ዛሬ አሉኝ። ስሙን ግን ካቦው መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩት አበላሽተውት፣ በጣልያን ሥራ ላይ እስከ መጨረሻው የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ ኖርኩ።

ካቦው አቶ በላቸው ይባላሉ። የደብረ ሲና ሰው ናቸው፤ ጣልያንኛ ስለሚችሉ አስተርጓሚም እሳቸው ነበሩ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት አልስማማ ብሏቸው ቀኑን ሙሉ በባርኔጣቸው ራሳቸውን እያራገቡ ቆላውን ይራገማሉ። ማዕረጋችንን ያስረዱን እሳቸው ናቸው። ከላይ መሐንዲሱ፣ ቀጥሎ ካቦው፣ ከዚያ ግንበኛው፣ ከግንበኛው በታች ድንጋይ የሚያቀብለውና ኖራ የሚያቦካው የቀን ሠራተኛ። ከሁላችን በታች ውሃ የሚያመላልሰው ግመል መሆኑን ነገሩን። ግመሉ ግን ከሁላችንም ቀድሞ ነበር የሚጠጣው።

እኔ የገባሁት በግንበኛነት ነው። ዘሬ አርጎባ ነው፤ አርጎባ ደግሞ በድንጋይ ሥራ አይታማም። ሲቀጥሩኝ አቶ በላቸው አንድ ድንጋይ ጥረብ አሉኝ። ጠረብኩ። ዞር ዞር አድርገው አዩትና ለመቀመጫ ወሰዱት።

የምናድሰው ቤት ጥንት ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ነጋዴ ጨውና ጥጡን የሚያስፈትሽበት የድንጋይ ኬላ ነበር። ጣሪያው ወድቆ በመካከሉ ግራር በቅሎበታል። መሐንዲሱ ሲኞር ብሩኖ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ፕላኑን በርሜል ላይ ዘርግቶ ረጅም ንግግር አደረገልን። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሐዲድ ይዘረጋል፤ ሮቢት መካከለኛው ጣቢያ ትሆናለች፤ ይህ አሮጌ ኬላ ታድሶ የመንገደኛ መጠበቂያ አዳራሽ ይወጣዋል፤ ከጎኑ የሰዓት ማማ፣ ሆቴል፣ ፏፏቴ ያለው አትክልት ቦታ ይጨመራል። አቶ በላቸው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ወደ እኛ ዞሩና ባቡር ሊመጣ ነው፤ ፍጠኑ ነው የሚለው አሉን።

ከጀውሃ የመጣ አንድ ሽማግሌ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ባቡሩ በየት እንደሚሻገር ጠየቀ። መሐንዲሱ ድልድዩ ያለው በሁለተኛው ፕላን ላይ ነው አለ። ሁለተኛውን ፕላን ያየ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እውነቱን ልናገር፤ ለጣልያን የሠራሁት ወድጄ አይደለም። አርበኛው በተራራው ላይ፣ ጣልያን በመንገዱ ላይ፣ እኛ በመካከል ነበርን። እምቢ ያለ ግንበኛ አለንጋ ይቀምሳል፤ እሺ ያለ ደግሞ በገዛ መንደሩ ይታማል። እኔ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተጨምሮብኝ ነበር። የመንደራችን ኢማም የሸህ ኑርዬን ልጅ፣ ዘይነባን፣ ሽማግሌ ልኬ ጠይቄያለሁ። ሸህ ኑርዬ እሺም እምቢም አላሉ። ሥራውን አይቼ ነው የምናገረው ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። ስለዚህ በዚያ ግንብ ላይ ድንጋይ ባስቀመጥኩ ቁጥር ለጣልያን ሳይሆን ለዘይነባ አባት የማስቀምጥ ነበር የሚመስለኝ።

ግንቡ ከመሬት ብቅ እንዳለ መሐንዲሱን ወባ ጣለው። በካሚዮን ጭነው ወደ ደብረ ሲና ብርድ አወጡት። ሲሄድ ፕላኑን ለአቶ በላቸው ሰጠ። አቶ በላቸው ደግሞ ያለውን ሥራ ብለው ለኔ ሰጡኝና ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

እኔ ፕላን ማንበብ አልተማርኩም። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር፤ ግንበኛ አላውቅም ካለ ምኑን ግንበኛ ሆነ። አባቴ ያስተማረኝ ሁለት ዓይነት ቤት ነው፤ የሰው መኖሪያና መስጊድ። ፕላኑን አገላብጬ ሳየው በሰሜኑ ግድግዳ መካከል ወደ ውስጥ የገባ ግማሽ ክብ አለ፤ በላዩም ቅስት ተሥሏል። በኛ አገር ቂብላው፣ ስንሰግድ ፊታችንን የምናዞርበት አቅጣጫ፣ ሰሜን ነው። በሰሜን ግድግዳ መካከል ቅስት ያለው ስርጉድ ከተሠራ ደግሞ ያ ሚህራብ ነው፤ ኢማሙ ቆሞ የሚያሰግድበት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጣልያን ለመንገደኛው መስገጃ ማሰቡ ገረመኝ። ክፉ ሰው ውስጥም ደግ ነገር አይጠፋም ብዬ በልቤ መሐንዲሱን መረቅኩት።

ከግማሽ ክቡ አጠገብ አንዲት አጭር መስመር ነበረች፤ ቁጥርም ተጽፎባታል። የመሐንዲሱ እጅ ወባው ሲጀማምረው ተንቀጥቅጦ ያመለጠችው መስመር መሰለችኝና ተውኳት።

ያን ሚህራብ የሠራሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ሥራ አልሠራሁም። ድንጋዩን ከወንዙ ዳር ራሴ መረጥኩ። ለቅስቱ የእንጨት ቅርጽ አቆምኩ፤ ድንጋዩን በግራና በቀኝ እኩል እየካብኩ ቁልፉን ድንጋይ ከላይ አስገባሁ። እንጨቱን ስናነሣው አንድ ጠጠር አልረገፈም። ቱንቢ ጣልኩበት፤ ልኩን ነው። ያን ዕለት በራሴ እጅ ቀናሁ።

ሸህ ኑርዬ ሊያዩ መጡ። ገቡ፤ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ፤ እዚያው ሁለት ረከዓ ሰገዱ። ሲወጡ ልጃቸውን የሚሰጡት ለባለሙያ እጅ መሆኑንና የኔን እጅ እንዳዩት ነገሩኝ። ኒካው ከመኸር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። እኔ በደስታ ኖራውን ከልክ በላይ አቅጥኜው አቶ በላቸው ሰደቡኝ።

ጣሪያው ከተገጠመ በኋላ ሰዉ የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ እዚያ መስገድ ጀመረ። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ በመሆኑ ከሮቢት ቤት ሁሉ የሚቀዘቅዘው እሱ ነበር።

መሐንዲሱ ከወባው ተነሥቶ የመጣው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሰላቱ አልቆ ሸህ ኑርዬ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። መሐንዲሱ በሩ ላይ ቆመ። በደጅ ጫማው በሰልፍ ተደርድሯል፤ በውስጥ ሰዉ በሰልፍ ተቀምጧል፤ ፊቱ ሁሉ ወደ አንድ በኩል ነው። ሰውየው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሕዝቡ ባቡር ለመጠበቅ ከወዲሁ በዚህ ሥርዓት መለማመዱ ልቡን ነክቶታል። በካሜራው ፎቶ አነሣን፤ ለአለቆቹም ደብዳቤ ጻፈ። አቶ በላቸው ሰላት መሆኑን እያወቁ ለምን እንዳልነገሩት ብጠይቃቸው፣ በሙቀት ክርክር አልወድም አሉኝ።

ደብዳቤውን ያነበበ አንድ ትልቅ ሹም እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ጣቢያ ካለማ መጥቼ ልየው አለ። ከሹሙ በፊት ግን ሣጥን ደረሰ። አራት ሰው ከካሚዮን አወረደው። ከፍተን ጭዱን ስናነሣ የትልቁ አለቃቸው የነሐስ ራስ አገጩን ቀስሮ ወደ ሰማይ ያያል። መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሄደ። ለካ ስርጉዱ የተሣለው ለዚህ ራስ ነው። አጭሯ መስመር ደግሞ ራሱ የሚቆምበት መደርደሪያ ነበረች፤ በሰው ደረት ልክ። እኔ ኢማም እንዲቆምበት ብዬ ከወለሉ አስጀምሬዋለሁ። ራሱን እዚያ ቢያስቀምጡት ሹሙን የሚቀበለው ከጉልበት በታች ሆኖ ነው።

መሐንዲሱ የዚያን ቀን ትሕትናውን ረሳ። ሹሙ የሚመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ መቆሚያ ሠርቼ የነሐሱን ራስ ስርጉዱ ውስጥ ካላቆምኩ እስር ቤት እንደምገባ ነገረኝ። አቶ በላቸው ይህንንም አሳጠሩት። ቢሆንም ገባኝ።

ወሬው እኔን ቀድሞ ሸህ ኑርዬ ዘንድ ደርሷል። አስጠሩኝ፤ ሄድኩ። እንደማይቆጡ ሰው ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«ሰኢድ፣ ግንባሬን ወደዚያ ስደፋ ከርሜያለሁ። እዚያ ጣዖት ከቆመ፣ ያቆመው እጅ የኔን ልጅ እጅ አይነካም። ወላሂ አይነካም።»

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ፈራሁ፤ ከእስር ቤቱ ይበልጥ ዘይነባን ማጣቱን ፈራሁ። ጣቢያውን እንደ ቀወሰ ሰው ስዞር ዋልኩ። በሦስተኛው ዙር በመሳፈሪያው በኩል፣ ከደጅ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ አደናቀፈኝ። ድሮ የኬላው ሚዛን የሚቆምበት ድንጋይ ነው፤ ዝሆን ቢወጣበት አይነቃነቅም። አውራ ጣቴን እያሻሸሁ አቶ በላቸውን ይዤ ወደ መሐንዲሱ ሄድኩ።

«ኖራ በሦስት ቀን አይጠናም» አልኩት። «ይህን ራስ አራት ሰው ነው የተሸከመው። ሹሙ ንግግር ሲያደርጉ መቆሚያው ይናዳል፤ ራሱም የሚወድቀው እግራቸው ላይ ነው። ደጅ ያለው ድንጋይ ግን ዛሬም ይሸከመዋል። ባቡሩንም መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ይሆናል።»

አቶ በላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሳጥሩ ተረጎሙ። እንዲያውም የነሐሱ ራስ እንዴት እንደሚወድቅ በእጃቸው አሳዩት፤ የሹሙንም እግር በእግራቸው። መሐንዲሱ ላቡን ጠረገና እሺ አለ።

ኖራ በሦስት ቀን እንደማይጠና እውነት ነው። ያልነገርኩት፣ ያለ ኖራ በደረቁ መካብ አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ሥራ መሆኑን ነው።

ሹሙ መጣ። ወፍራም ነው፤ ከመኪናው ሲወርድ ልብሱ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ቀጥ ብሎ ወደ ነሐሱ ራስ ሄዶ ሰላምታ ሰጠና በፍቅር ጉንጩን ዳሰሰው። የሮቢት ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ያጋለችውን ነሐስ ነው የዳሰሰው። እጁን ቶሎ ሰብስቦ ኪሱ ከተተና ወደ ጥላ እንግባ አለ።

አዳራሹ ውስጥ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል፤ ሸህ ኑርዬ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከፊት አሉ። ሹሙ ስርጉዱን አየና ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ እኔን አየ፤ እኔ አቶ በላቸውን አየሁ፤ አቶ በላቸው ጣሪያውን አዩ። ሹሙ ራሱ ገብቶ ቆመበት፤ በነጫማው። የሸህ ኑርዬ መቁጠሪያ ቆመ።

ሰውየው አሳለ። ሳሉ አዳራሹን ሞላው። ደነገጠና እንደገና አሳለ፤ አሁን አውቆ ነው። ሚህራብ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ሕዝቡ እንዲልክ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አባቴ ቅስቱን በጆሮም ጭምር ለካ ይለኝ ነበር። ሹሙ በራሱ ድምፅ ፍቅር ያዘው። ያን ቀን ከዚያ ቦታ የሚያወጣው አጥተን ስንት ሰዓት ንግግር ሰማን! በመጨረሻ መሐንዲሱን በሰው ፊት አመሰገነውና ትእዛዝ ሰጠ። አቶ በላቸው እንዲህ ብለው ተረጎሙት፦

«ሰዓቱ ሲደርስ ሕዝቡን የሚጠራው ሰው ከዚህ ይቆማል። ይህ ቦታ በሌላ በምንም ነገር እንዳይያዝ።»

ሸህ ኑርዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። ሰውየው የቆመበትን ባያውቅም የተናገረው ልክ ነው አሉኝ። ሹሙ እንደሄደ የጫማውን ዱካ ለማጠብ ሦስት እንስራ ውሃ አስመጡ። መሐንዲሱ የሙቀት መከላከያ መስሎት ውሃውን ሲያፈሱ አብሮ አገዛቸው።

ባቡሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ክረምት አለፈ፤ በጋ አለፈ። ሲኞር ብሩኖ ችካል እየተከለ ይለካል፤ የአገሩ ሰው ችካሉን ነቅሎ ፍየል ያስርበታል፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ ይለካል። ነሐሱ ራስ ደጅ ቆሞ ሐዲዱን ይጠብቃል፤ ከበረሃ የሚመጡት ግመሎች አንገታቸውን ያኩበታል። አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። ለዚህ መንገድ ካሚዮን ይበቃል፤ የጣቢያው ሥራ ቆሟል ይላል።

መሐንዲሱ ሲሄድ አሳዘነኝ። ለጣልያን ማዘን አይገባም ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ሕልሙን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ የሚሄድ ሰው ነው ያየሁት። ካሚዮኑ ላይ ከመውጣቱ በፊት በአቶ በላቸው በኩል ያ የሰሜኑ ግድግዳ በእውነት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ከእንግዲህ እሱም እኔም የምናጣው ነገር ስላልነበረ ነገርኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ለምንድን ነው ያልጠየቅከኝ? የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ አላውቅም ለማለትም አፍሬ ነበር። እጁን ጨበጥኩትና ሄደ።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ግንበኞች የምላችሁ ይኸው ነው። ፕላን ላይ ባዶ ቦታ ስታዩ፣ ምን እንደሚገባበት ሳትጠይቁ ድንጋይ አታንሡ። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ዘይነባን አላገባም ነበር። ቢሆንም ጠይቁ።