በበረኪና ያጠብኩት የራስ ቅል

መምህሩ ካርቶኑን ከፍቶ የፕላስቲኩን የራስ ቅል ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው፣ የታችኛው መንጋጋ በስፕሪንጉ ተስቦ ቀጭ ብሎ ገጠመ። በዚያው ሰዓት ጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን በበረኪና ትወለውል ነበርና ሽታው በበሩ ሥር ገባ። ሌላው ተማሪ አፍንጫውን ያዘ። እኔን ሳቅ አፈነኝ። አጠገቤ የተቀመጥሽው አንቺ "ምን ያስቅሻል እትዬ?" አልሽኝ። ኋላ መምህሩ አጥንቶቹን እየነካ ሲጠይቅና ሁሉንም ስመልስ ደግሞ "ከየት ተምረሽው ነው?" አልሽ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ነኝ፤ የማታ ትምህርቴን ጨርሼ እዚህ ጤና ኮሌጅ ከናንተ ከልጆቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ገና ዘንድሮ ነው። ክፍል ውስጥ ማውራት አልወድም። ስለዚህ ጽፌ ልንገርሽ።

ጅዳ ውስጥ፣ ሳፋ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ቤት እሠራ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከወሎ ስወጣ አራተኛ ክፍልን እንኳ አልጨረስኩም፤ ግን መንደራችን ውስጥ ቁርኣን ስለቀራሁ የአረብኛ ፊደል አይቸግረኝም። ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የሳሙናውን ካርቶን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ ማዳም አይታ የጣለችውን መጽሔት። የቤቱ ትልቋ ልጅ የሕክምና ተማሪ ነበረች፤ በዕድሜ ከኔ ብዙም አታንስም። ጠረጴዛዋ ላይ፣ በሽቶ ጠርሙሶችና በስልክ ቻርጀር መካከል፣ አንድ የፕላስቲክ የራስ ቅል ተቀምጧል። በመጀመሪያው ሳምንት አቧራውን የማራግፈው ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቢስሚላህ እያልኩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጥርሱን መወልወል ጀመርኩ።

ተማሪዋ በእያንዳንዱ አጥንት ላይ በቀይና በጥቁር እስክሪብቶ ቁጥር ጽፋበት ነበር፤ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት። ስሞቹ ደብተሯ ላይ ናቸው፤ በላቲን፣ ከጎኑ በአረብኛ። ከዓስር ሶላት በኋላ እኔ ክፍሏ ውስጥ ልብስ እተኩሳለሁ፣ እሷ አልጋዋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ታጠናለች። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ያ ክፍል ይመጣብኛል፤ በግማሹ የተከፈተው መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ የተዘረጋው ብርቱካናማ ብርሃን፣ የሚያጓራው ኤር ኮንዲሽን፣ የተተኮሰ ነጭ ልብስ ሽታ። ደብተሩን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አቁሜ እጠይቃታለሁ።

"ሰባት?"

"የጉንጭ አጥንት።"

"የቀኙ ነው የግራው?"

"ምን ለውጥ አለው?"

"ስምንት ለምን ተጻፈ ታዲያ?"

"ያ አላህ! አንቺ ከዶክተሯ ትብሻለሽ እኮ!" ብላ ትራስ ትወረውርብኛለች።

እኔ የወደድኳቸው ስሞቹን ነው፤ ቤት ለመሥራት የተሰበሰበ ዕቃ ይመስሉ ነበር። ከላይ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለቱን አረቦቹ የግድግዳ አጥንት ይሏቸዋል። ከዓይን በስተኋላ ተደብቆ ሁሉን አያይዞ የሚይዘው የካስማ አጥንት ነው። ከአፍንጫ በላይ ያለው፣ የተበሳሳው፣ የወንፊት አጥንት። አፍንጫን ከውስጥ ለሁለት የሚከፍለውን ቀጭን አጥንት ስም ግን ራሷም አልተረዳችውም ነበር፤ ሁልጊዜም የምትረሳው እሱን ነው። ሥዕሉን አየሁና "ይሄማ ማረሻ ነው!" አልኩ በአማርኛ። በአረብኛ ምን እንደሚባል ስላላወቅሁ በካውያው አንሶላውን ከዳር እስከ ዳር አረስኩላት። ስልኳ ላይ ፈለገችና "ወላሂ እውነትሽን ነው! የላቲኑም ትርጉም እሱ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ማረሻን ረስታ አታውቅም።

ሌላው ግን አልሆነላትም። በመጀመሪያው የቃል ፈተና ወደቀች። አባትየው ምሳ ላይ፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ "የድጋሚው የመጨረሻሽ ነው። ከወደቅሽ ኸላስ፣ ወደ ንግድ ትምህርት ትዛወሪያለሽ" አላት። ሩዙን እያቀረብኩ ነበር፤ ፊቷን አየሁት። ከሰዓት ስተኩስ "ከልጅነቴ ጀምሮ ከሐኪምነት ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም" አለችኝ፤ ትራስም አልወረወረችም።

አሁን ወደ በረኪናው ልምጣ። ሻዕባን ሊያልቅ ረመዳን ሊገባ ሲል የዚያ አገር ቤት ሁሉ ይገለበጣል፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይታጠባል፣ ቁም ሳጥን ባዶውን ይቀራል። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የድጋሚው ፈተና እሑድ። የራስ ቅሉ የዓይን ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው አቧራ በጨርቅ አልወጣ ብሎ ስንት ወር አንገብግቦኛል። እኔ ደግሞ ግማሽ ንጹሕ የሚባል ነገር አላውቅም። ክዳኑን ከመንጠቆው ፈታሁ፣ መንጋጋውን ከስፕሪንጉ አላቀቅሁ፣ ባልዲ ውስጥ በረኪና በጥብጬ ዘፈዘፍኩት። መጋረጃ ሰቅዬ ስመለስ ውኃው ሮዝ ሆኗል። ራሱማ እንደተላጠ እንቁላል ነጭ ብሎ ተኝቷል። ከሃያ ሁለቱ ቁጥር አንድም የለም።

በፎጣ ይዤው ገባሁ። ተማሪዋ አየችው፣ እኔን አየች፣ ተመልሳ አየችው።

"ምን አደረግሽ?"

"አጠብኩት።"

"አሁን እንዴት ነው የማውቃቸው? ንገሪኝ፣ እንዴት ነው የማውቃቸው?" ብላ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልዋጥልሽ አለኝና፣ ጓንቴን እንዳጠለቅሁ፣ "ፈተና ላይ የሚሰጧችሁ ራስ ቁጥር አለው?" አልኳት።

ልቅሶዋን አቆመች። "የለውም" አለች።

የምታውቀው ቁጥሮቹን ነበር፤ አጥንቶቹን አይደለም።

ኩሽና ገብቼ ድስት እያጠብኩ፣ አሁን ለማዳም ትነግራለች፣ ማዳም ደግሞ ወደ መክተቡ ትመልሰኛለች እያልኩ ነበር፤ መክተብ ማለት ሠራተኛ የሚያስቀጥረው ቢሮ ነው። ትንሽ ቆይታ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። "ያላ፣ ነገ መካ አያቴ ጋ ስንሄድ ይዘናት እንሄዳለን። አንቺ ነሽ የምትሸከሚያት" አለችኝ። ያን ቀን ነው የራስ ቅሉ "እሷ" የሆነችው።

ማዳምና አባትየው ቀድመው ስለሄዱ፣ በማግስቱ እኛን የወሰደን ሾፌሩ ነበር፤ የኛው አገር ሰው፣ የከሚሴ ልጅ፣ ወሬ የማይሰለቸው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኳትን ከፊት ወንበር ሆኖ በመስታወቱ ሲያያት መሪው ተወዛወዘበት።

"አንቺ እህቴ፣ እቺን ሴትዮ ወደ ኋላ ሻንጣው አታስገቢልኝም? እያየችኝ እኮ ነው!"

"ተጠቅልላለች፤ በምን ታይሃለች?"

"ጥርሷ ወጥቷል እኮ! ሰው እንዲህ የሚስቀው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።"

መንገድ ላይ፣ ባሕራ የምትባል ከተማ፣ ነዳጅ ሲቀዳ ሦስት ጠርሙስ ውኃ ገዝቶ መጣ፤ አንዱን በመስኮት እያቀበለኝ "ለሷ ግን አልገዛሁም" አለ።

መካ መግቢያው ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር መኪናውን አስቆመ። የኔን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አየ፣ የሾፌሩን አየ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ያለውን ድቡልቡል ነገር በጣቱ ጠቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ራስ ነው" አልኩ። እውነት መናገር ልማዴ ነው።

"የምን ራስ?"

"የትምህርት።"

ነጠላውን ራሱ ገለጠው። መንጋጋዋ ተከፈተና በስፕሪንጉ ተስቦ ቀጭ አለ። "አዑዙ ቢላህ!" ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ጓደኛው ከወዲያ ማዶ ሆኖ በሳቅ ወደቀ። ወታደሩ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ "ኢቃማ አላት?" አለ።

ተማሪዋ ከጎኔ ሆና "ከፊሏ እኔ ነኝ! ወረቀቷ በሂደት ላይ ነው" አለችው፤ ከፊል ማለት የሠራተኛ አስመጪና ዋስ ነው። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ፈተናውን ከወደቀች በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ሾፌሩ እስከ መካ ድረስ "በሂደት ላይ ነው!" እያለ ብቻውን ሲስቅ ሄደ።

የአያትየው ቤት ከሐረም፣ ከታላቁ መስጊድ፣ ራቅ ብሎ፣ ዳገት ላይ ነበር። የአዛን ድምፅ ከየአቅጣጫው እየተቀባበለ ሲመጣ ግድግዳው ራሱ የሚሰማ ይመስል ነበር። አያትየው አጭር፣ ወፍራም፣ ሁሉን ነገር የሚያዝዙ ሴት ናቸው። የራስ ቅሏን ምንጣፉ ላይ ሲያዩ "ይህችን ማን ጋበዛት?" አሉ፤ ቀጥለውም "ለማንኛውም ሴት ከሆነች ጸጉሯን ሸፍኑላት" ብለው የራሳቸውን ሻሽ ወረወሩልን።

ዓርብ ከሰዓት፣ ማዳም እንግዳ ስትሸኝ፣ ተማሪዋ የራስ ቅሏን ይዛ ተቀምጣ እንደገና ጨለመባት። "ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሁሉም አንድ ነው" አለች። ጸጉሯ ተፈትቶ ጀርባዋ ላይ ተዘርግቷል። ያን ጸጉር ሳይ ነው እጄ የራሱን ነገር ያሰበው። እኔ በልጅነቴ ጸጉር ሠሪ ነበርኩ። አክስቴ ናት ያስተማረችኝ፤ ለሰርግና ለበዓል የመንደሩን ሴት ሁሉ እንጎነጉን ነበር። የሰው ራስ ለኔ ከዚያ በፊትም በጣቴ የማውቀው አገር ነው።

"ነይ እዚህ ቁጭ በይ" አልኳት። ጉልበቴ መካከል አስቀምጬ ሚዶዬን አወጣሁ። የራስ ቅሏን ጭኗ ላይ አስታቀፍኳት።

"በጣትሽ ተከተይኝ። አሁን መሀል ለመሀል ልክፈልሽ ነው። ሚዶው ይሰማሻል? ይሄ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚጋጠሙበት ነው። እሷ ላይ መስመሩን ፈልጊው።"

"አገኘሁት" አለች። "የተሰፋ ይመስላል።"

"አሁን ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናትሽ ላይ። ከመስመሩ ወደ ፊት ያለው ግንባር ነው። ሁለቱ መስመር የተገናኙበት፣ ይቺ ቦታ፣ የሕፃን እርግብግቢት የሚመታባት ናት። እኛ አገር ቅቤ የሚቀባው እዚች ላይ ነው።"

ጣቷን አናቷ ላይ አደረገች፤ ቀጥላ የራስ ቅሏ ላይ። እኔም ወደ ኋላ ወረድኩ፤ ከኋላ መስመሩ በሁለት ተከፍሎ እንደ ድንኳን የሚወርድበትን፣ ከዚያ በታች የማጅራትን አጥንት አሳየኋት። እየጎነጎንኩ የጆሮዋ ግንድ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ እጄን አላላሁ።

"እዚህ ጋ ለምን ለቀቅ አደረግሽው?"

"አክስቴ እዚህ ጋ ጸጉር ጠብቆ አይጎነጎንም ትል ነበር። ከዓይን ጥግ ወደ ኋላ ሁለት ጣት። ስስ ነው ትላለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

ተማሪዋ የራስ ቅሏን ወደ ብርሃኑ አዙራ ያቺን ቦታ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ "ግንባር፣ ግድግዳ፣ የጆሮ ግንድ፣ ካስማ። አራቱ እዚህ ነው የሚገናኙት። ከሥሩ የደም ሥር አለ። አክስትሽ ሐኪም ናት እንዴ?" አለች።

አያትየው ይህን ሁሉ ከትራሳቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ሻሻቸውን አወለቁና "የኔንም ንገሪኝ" አሉ። በዘይት እያሸሁ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። "ሱብሐን አላህ! ሰባ ዓመት ሙሉ ግድግዳና ወንፊት ተሸክሜ ስዞር ማንም አልነገረኝ!" ብለው ለጎረቤት ሁሉ ሲያወሩ አመሹ።

እሑድ ጠዋት ተማሪዋ ጉንጉኗን ሳትፈታ፣ ከላይ ተሸፋፍና ወደ ፈተናው ሄደች። እኔ ጅዳ ቤት ውስጥ አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ደረጃውን በሩጫ ስትወጣ ሰማኋት፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። የሆነውን የነገረችኝ አንገቴን አንቃ ነው። ፈታኟ ዶክተር ነጩን ራስ ሰጥታ "ስትሰበር የምታሰጋዋን ስስ ቦታ አሳዪኝ፤ የሚገናኙባትንም አጥንቶች ጥሪ" ስትላት፣ እንደ ባለፈው ጊዜ ስሞቹ ጠፉባት። ያኔ እጇ ሳታዘው ከሻሹ ሥር ገባ፣ ጉንጉኑ የላላበትን ፈለገ። ዶክተሯ "ራስሽን አሞሻል?" አለቻት። "አይ ዶክተር፣ እየቆጠርኩ ነው" አለችና አራቱንም ጠራች። የመጨረሻው ጥያቄ ማረሻ ነበር።

አባትየው ምሳ ላይ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ሩዙን አስጨመረ። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ "ኡስታዛ" ትለኝ ነበር፣ መምህርቷ ማለቷ ነው። ለቀልድ ነበር የጀመረችው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ይዤው አደርኩ፤ አገሬ ስገባ በመጀመሪያው ሳምንት የማታ ትምህርት ቤት የተመዘገብኩት በዚያ ቃል ነው። ስሰናበት አንድ ጊዜ ብቻ ጎንጉኚኝ ብላ ጉልበቴ መካከል ተቀመጠች፤ ያን ዕለት ስለ አጥንት አላወራንም።

አያትየው ከሁለት ዓመት በፊት ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የሳቸውን ራስ፣ ዘይቱን፣ በጣቴ ሥር የነበረውን ሙቀት አስታውሳለሁ።

ትናንት ከክፍል እንደወጣሁ፣ መምህሩ ስላስቀመጠው ራስ ለተማሪዋ በድምፅ ላክሁላት። አሁን ሐኪም ናት፤ ጀማሪዎችን ታስተምራለች። ማታ መለሰችልኝ። "ኡስታዛ፣ የኛይቱ አሁንም ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ናት። ተማሪዎቼ ቁጥር እንዳይጽፉባት ከልክያለሁ። ሻዕባን ሊወጣ ሲል በበረኪና የማጥባት ራሴ ነኝ፤ ለማንም አልሰጥም።" ከጀርባዋ ኮንዲሽኑ ሲያጓራ ይሰማል። "ጸጉሬን ግን የሚሠራልኝ አጣሁ" አለች።

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ሚዶዬ መኖሩን አየሁ።

የኛ ፈተና ሰኞ ነው። እሑድ ከሰዓት ጸጉርሽን ታጥበሽ፣ ፈትተሽው ነይ። ከመሀል እንጀምራለን።