ከውኃው አውጪው

እርሳስ ሲቀረጽ የሚወጣው የእንጨት ሽታ አፍንጫዬ ላይ በደረሰ ቁጥር ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችን ድቅን ይልብኛል፤ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ ታላቅ ወንድሜን ሰይድን የሣልኩበት ያ የተረገመ ዓመት።

ሰይድ ክረምቱ ሳይገባ ከደላላ ጋር ተስማምቶ፣ በባቲ አድርጎ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በጀልባ ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ከቤት ወጥቶ ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዝናቡ ሲበረታ የሰይድ ወሬ ጠፋ፤ አባቴ ግን ከገበያ በተመለሰ ቁጥር «ደውሎልኝ ነበር፤ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ይላት ነበር፣ እሷም ፊቷ ይፈካ ነበር። እኔም አምኜ ነበር፤ አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም።

መስከረም ላይ እናቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሥዕል ውድድር ተባለና፣ ሥዕል የሚወደው የጂኦግራፊ መምህራችን «የምትወዱትን ሰው ሣሉ፤ አንደኛ የወጣው ለቀጣዩ ውድድር ደሴ ይሄዳል» አለን። ጎረቤቶቻችን ገንፎ እየያዙ፣ እየሳቁና እየመረቁ ሲገቡ ሲወጡ፣ እኔ ጥግ ይዤ ከለሬን እየቀረጽኩ፣ ሰይድን ሐይቁ ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ ሲስቅ ሣልኩት፤ ዋና ነፍሱ ነበር። አንድ ማታ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ብዙ ካየው በኋላ «ከውኃው አውጪው» አለኝ።

«ዋና ስለሚወድ እኮ ነው፣ አባዬ።»

«የብስ ላይ አርጊው ልጄ፤ በአላህ።»

በማግስቱ የማስረከቢያው ቀን ነበርና ሥዕሉን እንዳለ ወሰድኩት፤ አባቴ ደግሞ የሥዕል ዐዋቂ ሆነ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

ኅዳር ላይ፣ እናቴ ከአራስ ቤት በወጣች ሳምንት፣ ሥዕሎቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰቅለው ሰፈርተኛው ሁሉ ተጠራ። አባቴ «ብርድ ነው፣ ሕፃኗን ታሳምሚያታለሽ» ብሎ ሊያስቀራት ቢሞክርም «የልጄን ሥራ ሳላይ ልቀር ነው?» ብላ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ከሥዕሉ ፊት እንደ ቆምን ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ከኋላችን ደረሰች፤ ሥዕሉን ስታይ ነጠላዋን ከራሷ ላይ መንጭቃ ጣለችና «ያ ረቢ! ሰይዴ! ባሕር የበላህ!» ብላ ጮኸች።

እናቴ ዞር ብላ የሴቶቹን ፊት ተራ በተራ አየች፤ ሁሉም አቀረቀሩ።

ጀልባው የሰጠመው ገና በክረምቱ ነበር። ነፍሰ ጡርም አራስም መርዶ አይነገራትም፣ ወተቷ ይደርቃል ብለው፣ መንደሩ በሙሉ አፉን ዘግቶ እስክትጠነክር ይጠብቅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም በዚያው ሳምንት ማለዳ መጥተው ሊያረዷት ቀን ቆርጠው ነበር። እኔ ልጅ ነኝ ተብዬ እንደ እሷው አልተነገረኝም።

ሥዕሌ አንደኛ ወጣ። መምህሩ ለቅሶ ደርሶ ሲነሣ ሥዕሉ ደሴ እንዲሄድ በለሆሳስ ቢጠይቅ፣ እናቴ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ትራሷ ሥር የነበረውን ሥዕል በእጇ ተጭና «ልጄ ሁለተኛ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለችው፤ እኔም ከውድድሩ ወጣሁ። ስለ ሥዕሉ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። አባቴን ግን ይቅር ያለችው አይመስለኝም፤ «ልጄ ባሕር ውስጥ ተኝቶ እኔ ገንፎ እየዋጥኩ እስቅ ነበር» ትለው ነበር።

ዛሬ መርዶ ሽማግሌ አይጠብቅም፤ ባሕር የወሰደው ልጅ ፎቶ፣ አባቱ ጫማውን ሳያጠልቅ ስልካችን ላይ ይደርሳል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። አምና እኔም ወልጄ ተኝቼ፣ ጠያቂዎች እየሳቁ ገንፎ ሲያቀርቡልኝ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ባለቤቴን «ስልኩን አምጣልኝ» እለው ነበር፤ የአባቴን፣ የእናቴን፣ የእህቴን ድምፅ በየተራ ካልሰማሁ አልጎርስም ነበር።