የታጠበው ሻምፓኝ ዋጋ

ሰው እልኸኛ ይለኛል። ይበለኝ! አቃቂ በሰቃ ውስጥ አሮጌ የመኪና ዕቃ እየሸጠች የምትኖር ሴት እልኸኛ ካልሆነች ከጫማዋ በቀር የሚተርፋት ነገር የለም። ያን ቀን ግን ቤታችን ውስጥ ከእኔ የባሰ እልኸኛ ነበር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በድሮው የጅቡቲ ባቡር የምግብ ፉርጎ ውስጥ አስተናጋጅ ነበር። ፈረንሳዊው አለቃው አገሩ ሊገባ ሲል አንድ ጠርሙስ ሻምፓኝ ሰጠው፤ አባቴ ደግሞ ለእናቴ አመጣላት። "ያንቺ ነው" አላት። እናቴ መጠጥ የሚባል በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ቡፌው ላይ አቆመችው። ከአቃቂው የድሮ ቤታችን ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ስንገባ እንኳ ለጭነት መኪናው አላመነችውም፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋው መጣች። በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ጽዳት ሲደርስ ከብርጭቆዎቹ ጋር አውርዳ በሳሙናና በሽቦ ታሸዋለች። ጠርሙሱ ያበራል። የተለጠፈበት ወረቀት ግን ትንሽ በትንሽ እየተላጠ አለቀ። ማናችንም ልብ አላልንም፤ ወረቀት ምን ይሠራል?

ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ነኝ። ስልኬ ላይ አንድ አሮጌ ሻምፓኝ ውጭ አገር በመኪና ዋጋ ሲሸጥ አየሁ። "እማዬ፣ ሀብታም ነሽ እኮ!" አልኳት። "ላም አለኝ በሰማይ" ብላ ሳቀችብኝ። "ከጠቀመሽ ግን ሽጪው።" ሰው በሰው አፈላልጌ አሮጌ መጠጥ የሚሰበስብ ነጋዴ አገኘሁና በጳጉሜ አንድ ዝናባማ ከሰዓት ይዤው መጣሁ።

አምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ሰው ነው። መጀመሪያ የራሱን ጠርሙሶች በስልኩ አሳየን፤ አንዱ ወረቀቱ ግማሽ ድረስ የተቀደደ ነበር። ከዚያ የእኛን ወደ መስኮቱ ወስዶ በስልኩ መብራት ከቡሹ እስከ ቂጡ አገላብጦ አየው። ብዙ ቆየ። ተመልሶ ሶፋው ላይ ተደላደለ።

"እማማ፣ በሐቅ ልንገርዎት። መጠጡ ከቡሹ በታች ጎድሏል፤ ተንኗል ማለት ነው። ሻምፓኝ ጨለማ ነው የሚወደው፤ ይኼ ዕድሜውን ሙሉ ብርሃን ላይ ቆሟል። እሱስ ይሁን። ወረቀቱ የታለ? የየትኛው ዓመት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ማነው እንዲህ የፋቀው?"

እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። "እኔ ነኝ" አለች። "በየዓመቱ አጥበዋለሁ።"

ሰውየው ሳቀ። "ሀብትዎን በሽቦ ፍቀው ጨረሱት እኮ!" ከዚያ የሁለት ሳጥን ቢራ ዋጋ ጠራ። "እሱንም ይህን ሁሉ ደረጃ ስለወጣሁ ነው" አለ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። አባቴ በሞተ ሰሞን እንኳ እንዲህ አንሳ አይቻት አላውቅም። "አባትሽ የሰጠኝን ዕቃ እኔው በእጄ ገደልኩት" አለችኝ ቀስ ብላ። ይህን ሰው ቤቷ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ይቅርና ቡፌው ራሱ ቢሄድ ግድ የለኝም፤ ይህን ጸጸት እናቴ ላይ ጥሎ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም!

"ጌታው፣" አልኩት፣ "ዕቃው ይህን ያህል የማይረባ ከሆነ ለምን ተነሥተው አይሄዱም? የማይፈልገውን ዕቃ ቁጭ ብሎ የሚሰድብ ገዢ አይቼ አላውቅም።"

"እህቴ፣ ይኼ የመኪና ዕቃ አይደለም።"

"አይደለም። በእኛ ሥራ ግን ሁለት ሸሪኮች አንድ ሞተር ሲካፈሉ አንዱ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው ይመርጣል። ወይ በዚያ ዋጋ ይገዛል፣ ወይ በዚያ ዋጋ ይሸጣል። ዋጋ ጠሪው አያጭበረብርም፤ የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅማ! አንተም ዋጋ ጠርተሃል።" አንቱታው እዚህ ላይ አለቀ። "ቅድም ያሳየኸንን ያን ወረቀቱ የተቀደደ ጠርሙስ በሁለት ሳጥን ቢራ ዋጋ ሽጥልኝ። ብሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።"

"እሱ ሌላ ነው።"

"በምን?"

"እሱ... ዓመቱ ይነበባል።"

"የእኛስ?"

ኮቱን አስተካከለ። ከዚያ እያቅማማ ጠርሙሱን አነሣና አንገቱ ላይ፣ ከቡሹ ማሰሪያ ሥር የቀረች ጥፍር የምታህል ወረቀት አሳየኝ። የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ለካ ከመጀመሪያውም አይቷታል! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ እኛም አንጥፈንለት ነበር።

ያወረድኩበትን ስድብ እዚህ ብጽፈው አያምርም። እሱም ዋጋውን ከፍ አደረገ፣ ደግሞ ከፍ አደረገ። የቢራው ሳጥን ተረሳ፤ የፍሪጅ ዋጋ ደረሰ፣ ከፍሪጅም አለፈ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ለሱቄ የማስገባውን ሞተር በሐሳቤ መምረጥ ጀምሬ ነበር።

"በቃ ተስማማን" አለ። "ነገ ብሩን ይዤ እመጣለሁ።" ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። "እስከዚያው እማማ፣ እጅዎን እንዳያሳርፉበት!"

እናቴ ቀና አለች። "ምን አልክ?"

"እንዳይነኩት ነው የምልዎት። ያቺ ወረቀት ከሄደች ዋጋ የለውም።"

ተነሣች። ጉልበቷን ያማታል፤ ሌላ ጊዜ ደግፌ ነው የማስነሣት። ጠርሙሱን ከፊቱ አንሥታ ወጥ ቤት ገባች፣ ሽቦውንና ሳሙናውን ይዛ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ቆመች። "አንቺ ልጅ፣ ውሃ አምጪልኝ" አለች። የውሃ ፈረቃችን ስላልነበረ ቧንቧው ደርቋል፤ ያለን የጀሪካን ውሃ ነው።

ሰውየው ከሶፋው ዘሎ ተነሣ። "እማማ፣ ምን ሊያደርጉ ነው? ኧረ አንቺ ንገሪያቸው! ዋጋውን ታውቂ የለ?"

አውቃለሁ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ዋጋውን እስከ ሳንቲሟ አውቃለሁ። እናቴ ግን እኔን አላየችኝም፤ እሱን ነው ያየችው።

"ልጄ፣" አለችው፣ "ይህን የሰጠኝ ባሌ ነው። ቤቴ ውስጥ አቧራ የለበሰ ዕቃ ሳያይ ነው የሞተው። አንተ አንድ ቀን ትመጣለህ ብዬ፣ እሱ የሰጠኝን አቆሽሼ ላቆይልህ ኖሯል?"

እኔ ጀሪካኑን አነሣሁ። እሷ አሸች፣ እኔ አፈሰስኩላት።