ልጄን ለጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ጎንደር ይዣት ስሄድ

ከዛሪማ የወጣነው ሰኞ ንጋት ላይ ነው። ልጄ ብርቄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከጥምቀት ወዲህ ራሷን ያማታል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ ታያለች። ደባርቅ ያሳየኋት ሐኪም «ጭንቅላቷ ውስጥ ውኃ ሳይጠራቀም አይቀርም፤ ከዘገየ ዓይኗን ያጠፋዋል» ብሎ ወደ ጎንደር ጻፈልን። ባለቤቴ ከብቶቹንና ትንንሾቹን ልጆች ይዞ ቀረ። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የሐኪሙን ጽሑፍ ማንበብ ባልችልም፣ እንዳይጨማደድ በደብተር መሀል አድርጌ ታቅፌው ሄድሁ።

ሊማሊሞ

ከቆላው ወደ ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ ጥምዝምዙ አያልቅም። ብርቄ ሦስት ጊዜ አስመለሰች። ረዳቱ ፌስታል እያቀበለኝ «ምነው፣ ልጅቱ ማኪና አይታ አታውቅም?» ብሎ ሳቀ።

ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ «ዝም በል አንተ! ታማ እንደሁ በምን አወቅህ?» አሉት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» አልኋቸው።

ብርቄ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «እማ፣ ገደሉ ሁለት ነው» አለችኝ። ዓይኗን እንድትጨፍን ነገርኋት። እኔ ግን ደባርቅ እስክንደርስ አልጨፈንሁም።

ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዛሁላት፤ አንዱን ነክሳ መለሰችልኝ። ዳባትንም አምባ ጊዮርጊስንም አልፈን ጎንደር ስንገባ ቀትር አልፎ ነበር። ማራኪ፣ ተማሪዎች በሚከራዩበት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል በቀን ሁለት መቶ ብር ያዝሁ።

ሆስፒታል

ማክሰኞ ጭንቅላቷን በትልቁ መሣሪያ ፎቶ አነሷትና አልጋ ሰጧት። ረቡዕ አንድ ወጣት ዶክተር ፎቶውን ይዞ መጣ።

«ውኃው የሚወርድበት ቦይ ጠቧል» አለኝ። «በቀጭን ካሜራ ገብተን፣ ውኃው ከሞላበት ክፍል ወለል ላይ ትንሽ ቀዳዳ እንከፍትለታለን። ከወለሉ ሥር ግን ትልቅ የደም ሥር ስላለ ተጠንቅቀን ነው።»

ከነገረኝ ሁሉ የደም ሥሩ ብቻ ልቤ ውስጥ ቀረ።

ቀጥሎ ሌላ ወረቀት አወጣ። ጥናት እያጠኑ ነው። ከወለሉ እስከ ደም ሥሩ ስንት እንደሚርቅ መጻሕፍቱ ቢጽፉም፣ የተለካው የሌላ አገር ሰው ነው። በእኛ አገር ሰውም ያው መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከብዙ በሽተኛ ፎቶ ላይ ይለካሉ። የብርቄንም ሊጨምሩ ፈለጉ።

«ልጄን መሞከሪያ ልታደርጓት ነው?»

«የለም። ሕክምናዋ አይለወጥም። ፎቶዋን ብቻ ነው የምንለካው፤ ስሟም አይጻፍም።»

«እምቢ ካልሁስ?»

«እናክማታለን።»

ላስብበት አልሁት። ያላወቅሁት ነገር ላይ አልፈርምም።

ሐሙስ

ቀዶ ሕክምናዋ ሐሙስ ጠዋት ስለሆነ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ አዘዙኝ። ሌላ አስታማሚ ዳቦ እንዳያጎርሳት ራስጌዋ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲነጋ፣ የነፍስ አባታችን ሲሸኙን የሰጡኝን ጸበል ከኮዳው ቀዳሁ፣ እምነቱን፣ ያን የተባረከ አመድ፣ በጠበጥሁበትና አንድ ኩባያ አጠጣኋት። እኛ አገር ጸበል የሚጠጣ በባዶ ሆድ ነው። የታዘዝሁትን የፈጸምሁ መሰለኝ።

ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ «ምንም አልቀመሰችም?» አለኝ።

«ምንም።»

ብርቄ አፏን እያሻሸች «እማ፣ እምነቱ ጥርሴ ላይ ቀርቷል» አለች።

ተሽከርካሪው አልጋ ቆመ።

«ምን ጠጣች?» አለ ሰውየው።

«ጸበል ነው እንጂ!» አልሁ።

ነርሷ ጮኸችብኝ፤ «አንቺ ሴትዮ! ምንም ስንል ምንም ነው!»

ሰውየው በቀስታ አስረዳኝ። ስትደነዝዝ ሆዷ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባዋ ቢገባ ልትሞት ትችላለች። ተራዋ ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ፤ የእሷ ለሰኞ ተላለፈ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልሁ።

ወጣቱ ዶክተር መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። እንደሚቆጣኝ ጠበቅሁ።

«መድኃኒት ብዬ ጠየቅሁሽ፣ ምግብ ብዬ ጠየቅሁሽ» አለኝ። «ጸበል ብዬ ግን አልጠየቅሁሽም። ከእንግዲህ እንጠይቃለን።» ከወረቀቱ ጥግ ላይም ጻፈው።

የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ነው ብዬ አሰብሁ። የጥናቱን ወረቀት እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ሁለት ጊዜ አነበበልኝና ፈረምሁ።

ቅዳሜ ብርቄ የቀኝ ዓይኗ ጭጋግ እንደሆነባት ነገረችኝ። እስከ ሰኞ ድረስ ያ ኩባያ ከፊቴ አልጠፋም።

ሰኞ

ጠዋት ገብታ ከቀትር በፊት ወጣች። ዶክተሩ «የደም ሥሩን ሳንነካ ቀዳዳውን ከፍተናል» አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። በማግስቱ ራሷን አላመማትም። ጣቴን ባሳያት አንድ ነው አለች። የቀኝ ዓይኗ ጭጋግ ግን አልለቀቃትም። ሊሻላት እንደሚችል፣ ላይሻላትም እንደሚችል አልደበቁኝም። ያ ጭጋግ ተራዋ በተላለፈባቸው አራት ቀናት የመጣ ይሁን ቀድሞ የነበረ፣ ጠየቅሁ። የሚያውቅ የለም።

መመለሻ

ከሳምንት በኋላ ዛሪማ ወረድን። ቀዳዳው ሊደፈን ስለሚችል ራሷን ካመማት ቶሎ እንድመልሳት አዘውኛል። ስለዚህ እጠይቃታለሁ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«አሁንስ?»

«እማ፣ አንቺ ስትጠይቂኝ ነው የሚያመኝ!»

ታማሚ ይዛችሁ የምትሄዱ እናቶች፣ ሐኪም የሚያውቀው ያጠናውን ነው። ማታ ያጎረሳችሁትን፣ የቀባችሁትን፣ ያጠጣችሁትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ባይጠይቋችሁም ንገሩ፤ ነውር የለውም። ከጸበሉ በፊትም ሐኪሙን ጠይቁ። ለነፍስ አባታችን ይህንኑ ስነግራቸው «ጸበሉ አይቸኩልም፤ ድና ትጠጣለች» አሉኝ።

ብርቄ እጇን ከእጄ አውጥታ ወደ ጓደኞቿ ሄደች። እኔ ከደጃፉ ተቀመጥሁ። በስተቀኟ ድንጋይ አለ፤ ታየው እንደሁ ብዬ አፌን ይዤ ጠበቅሁ። ዞረችው።